ያለ ድካም ስለሚጓዙ እንስሳት፤ በዓባያና በጫሞ ዙሪያ



በልጅነታችን በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን፣ የኔታ ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩን፣ በአምስተኛው ቀን በሐሙስ ከውኃ የተገኙትን እንስሳት በሦስት ከፍለው ይነግሩን ነበር፤ ይኸውም በክንፋቸው የሚበርሩ፣ በእግራቸው የሚሽከረከሩ፣ በልባቸው የሚሳቡ ናቸው። እኛም ይህን በቃላችን ይዘን ማታ ማታ እንደግመው ነበር እንጂ፣ አንዱ እንዴት እንደሚበርር፣ ሌላውም እግር ሳይኖረው እንዴት እንደሚሳብ ቆመን አልተመለከትንም። ያደግንበት የጎጃም አገር ደጋ ስለ ሆነ፣ የምናውቀው በራሪ ቁራና ጭላት፣ የምናውቀውም ተሳቢ በድንጋይ ካብ ውስጥ የሚሸሸግ እባብ ነበር። ኋላ ግን ለአገልግሎት ወደ ጋሞ አገር በመጣን ጊዜ፣ ሦስቱን ወገኖች ሁሉ በአንድ አደባባይ ላይ ተሰብስበው አገኘናቸው።

አርባ ምንጭን ያየ ሰው የምንለውን ያውቃል። ከላይኛው ከተማ ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት፣ በግራው ቀይ አፈር እንደ ተበጠበጠበት የሚመስለው የዓባያ ሐይቅ፣ በቀኙም ጠራ ያለው የጫሞ ሐይቅ ይታዩታል። በሁለቱ መካከል እንደ ግድግዳ የተዘረጋውን የምድር ጫንቃ ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ከድልድዩ ወዲያ የነጭ ሣር ሜዳ አለ፤ ይህም በ1966 ዓ.ም. የተከለለውና 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ብሔራዊ ፓርክ ስሙን ያገኘበት ነው። ከአፋፉ ሥር ደግሞ ከተማይቱ ስሟን የወሰደችባቸው ምንጮች የሚፈልቁበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ይገኛል፤ ከበስተ ኋላም የጋሞ ተራሮች ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ ይወጣሉ። አየሩም፣ ውኃውም፣ ምድሩም በአንድ እይታ ውስጥ ናቸው።

ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው እነዚህ እንስሳት እየደከሙ ስለሚሄዱበት መንገድ አይደለም። ሲሮጡና ሲራገጡ፣ ክንፋቸውንም ሲያርገበግቡ ማንም ያያቸዋል። እኛን ያስገረመን ምንም የማይሠሩ መስለው ሲሄዱ ነው። አሞራ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ከሜዳው ተነሥቶ ከተራራው በላይ ይወጣል፤ አዞ አንዲት ማዕበል ሳያስነሣ ከወዲያ ዳር ወዲህ ዳር ይደርሳል፤ ዘንዶም ቀጥ እንዳለ፣ ሳይጠማዘዝ፣ እንደ ተጎተተ ገመድ ያልፋል። ይህ እንዴት ይሆናል? ነገሩ ለመደነቅ ያህል ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በጫሞ ዳር ለሚኖር ሰው የሕይወትና የሞት ነገር ነው፤ ምክንያቱን ወደ ፊት ታዩታላችሁ።

እንግዲህ ከአየር እንጀምር። አየር ለዐይን ባይታይም ባዶ ነገር አይደለም። በሚሄድ መኪና መስኮት እጁን ያወጣ ልጅ ይህን ያውቀዋል፤ መዳፉን ከፊት በኩል ጥቂት ቀና ቢያደርገው እጁ በራሱ ወደ ላይ ይነሣበታል። የወፍ ክንፍም እንዲሁ ነው፤ ከላይ ጎበጥ፣ ከፊትም ቀና ብሎ የሚመጣበትን ነፋስ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ነፋሱም በአንጻሩ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ነገር ግን አንድ ምሥጢር አለ። ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፍ ወፍ፣ ሳያርገበግብ እስካለ ድረስ፣ ምንጊዜም ወደ ታች እየወረደ ነው። ወደ ፊት የሚያስኬደውን ኀይል የሚያገኘው ከመውረዱ ነው፤ በቁልቁለት ላይ የተለቀቀ ጋሪ ያለ በሬ እንደሚሄድ ማለት ነው። ታዲያ እየወረደ ሳለ ከፍ ከፍ የሚለው እንዴት ነው?

መልሱን በነጭ ሣር ሜዳ ላይ ማየት ይቻላል። ማለዳ ላይ ጥንብ አንሣዎቹ በዛፍ ጫፍ ላይ ክንፋቸውን ለፀሐይ ዘርግተው ተቀምጠው ይታያሉ። እኛ መጀመሪያ ባየናቸው ጊዜ፣ ፀሐይ ወጥታ ገና ያልተነሡ ሰነፎች ናቸው ብለን ፈርደንባቸው ነበር፤ ፍርዳችን ግን የተሳሳተ ሆነ። የሚጠብቁት መንገዳቸው እስኪከፈት ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሜዳውን ስታሞቀው፣ ከመሬቱ አጠገብ ያለው አየር ይሞቃል፤ የሞቀውም አየር ስለሚቀልል ከምድጃ እንደሚነሣ ጢስ እንደ ዓምድ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ጥንብ አንሣው ወደዚህ ዓምድ ውስጥ ይገባና እየዞረ ይንሳፈፋል። እርሱ በአየሩ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየወረደ ነው፤ አየሩ ግን እርሱ ከሚወርደው ይልቅ ፈጥኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ወፉ እየወረደ ይወጣል። ክብ እየሠራ የሚዞረውም ዓምዱ ጠባብ ስለ ሆነ ከውስጡ እንዳይወጣ ነው። ከዓምዱ ራስ ሲደርስ አቅጣጫውን ያቀናና ወደሚቀጥለው ዓምድ በረጅሙ ቁልቁል ይንሸራተታል። ጠዋቱን ሙሉ በዚህ ዓይነት ሲጓዝ ክንፉን ያርገበገበበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው።

በክንፉ ጫፍ ያሉትን እንደ ጣት የተከፋፈሉ ላባዎችም ልብ በሉ። ከክንፍ ሥር ያለው አየር በጫፉ በኩል ወደ ላይ ሊያመልጥ ሲል አዙሪት ይፈጥራል፤ አዙሪቱም ወፉን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ላባዎቹ ተለያይተው ሲዘረጉ ትልቁ አዙሪት ወደ ትናንሽ አዙሪቶች ይበታተናል፤ መጎተቱም ይቀንሳል። ከሐይቁ መካከል በላይ ግን ጥንብ አንሣ ሲዞር እምብዛም አይታይም፤ ውኃ እንደ ሜዳ ፈጥኖ ስለማይሞቅ፣ በቀን በላዩ የሚነሣ የሞቃት አየር ዓምድ የለምና።

ከእነዚህ ወፎች አንዱ በ1830ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር አገራችንን በጎበኘው በጀርመናዊው በሩፔል ስም የሚጠራው ጥንብ አንሣ ነው። በ1973 በዚያው አቆጣጠር፣ በኅዳር ወር፣ በምዕራብ አፍሪካ በአቢጃን ከተማ ሰማይ ላይ አንድ አውሮፕላን ከእርሱ ወገን ከሆነ ወፍ ጋር ተጋጨ፤ የከፍታው መጠን ወደ 11,300 ሜትር ይጠጋ ነበር። የጋሞ ተራሮች አንዱ በሌላው ላይ ቢደረደሩ ሁለት ተራራ ሙሉ አይበቃም ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥበብ በአንድ ነገር ይጠፋል። ጥንብ አንሣዎች በሰማይ ተበታትነው ሲዞሩ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ አንዱ ሬሳ አይቶ ሲወርድ ጎረቤቱ መውረዱን ያያል፤ የጎረቤቱም ጎረቤት ያያል፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሩቅ አገር ሳይቀር ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ሰው ጅብ ወይም ባለቤት የሌለው ውሻ ለመግደል በሥጋ ላይ መርዝ ቢነሰንስ፣ የሚሞተው አንድ ጅብ ብቻ አይደለም፤ የአንድ አውራጃ ሰማይ በአንድ ቀን ሊራቆት ይችላል። በ2015 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የሩፔል ጥንብ አንሣና ጀርባው ነጭ የሆነው ወንድሙ እጅግ ለጥፋት ከቀረቡት ፍጥረታት ተራ ገብተዋል። በዚህ አገር የሞተ ከብት ሳይከረፋ የሚጸዳው በእነርሱ ነው፤ መርዙን የሚነሰንሰው ሰው ይህን አያስበውም።

ስለ ፔሊካን ደግሞ ጥቂት እንበል፤ ከአገጩ በታች ከረጢት ያለው፣ ክንፉን ሲዘረጋ እስከ 3 ሜትር የሚደርሰው ትልቁ ነጭ የውኃ ወፍ ነው። በመሬት ላይ ሲሄድ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፤ በአየር ላይ ግን ሌላ ነው። በጫሞ ላይ ማታ ማታ ከውኃው ገጽ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ሲንሳፈፍ አይተነዋል። እንዲህ ዝቅ የሚለው በከንቱ አይደለም። ክንፉ ወደ ታች የገፋው አየር ሊወርድ ሲል ውኃው ይከለክለዋል፤ ከክንፉ ጫፍ የሚነሣውም አዙሪት ይታፈናል፤ ስለዚህ በዝቅታ የሚንሳፈፍ ወፍ በትንሽ ድካም ብዙ ርቀት ይሄዳል። በማኅበር ሲበርሩም በሰያፍ ይሰለፋሉ፤ የፊተኛው ከክንፉ ጫፍ የለቀቀው አየር ወደ ላይ ሲመለስ የኋለኛውን ይደግፈዋል። በሴኔጋል አገር ከሰው ጋር የተላመዱ ፔሊካኖችን የልባቸውን ምት የሚቆጥር መሣሪያ አስይዘው ያስበረሩ ሊቃውንት፣ ከማኅበሩ ጋር የሚበርረው ወፍ ልቡ ብቻውን ከሚበርረው ከመቶ ከ10 እጅ በላይ ቀስ ብሎ እንደሚመታ አግኝተዋል፤ ይህም በ2001 በአውሮፓ አቆጣጠር ታትሟል።

ክንፍ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይቻለንም። በ1990 በአውሮፓ አቆጣጠር ከካምብሪጅ የመጡ አጥኚዎች በነጭ ሣር ሜዳ መንገድ ላይ መኪና የጨፈለቀው የሌሊት ወፍ አገኙ፤ የሌሊት ወፍ ስንል ጥርስ ያላትን ሳይሆን በምሽት ነፍሳትን የምታድነውን፣ ላባዋ የደረቀ ቅጠል የሚመስለውን ማለታችን ነው። ከአካሏ ሊነሣ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉ ግን ከሚታወቁት ወፎች ከአንዱም ጋር አልገጠመም፤ ስለዚህ በ1995 አዲስ ወገን ናት ተብላ ተመዘገበች፤ የላቲን ስሟም አንድ ክንፍ ብቻ የሚል ትርጉም አለው። በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ወፎች መካከል እንዲህ ባለ አኳኋን የታወቀች ብዙ የለችም፤ እርሷም የተገኘችው በጋሞ አገር ነው።

ወደ ውኃ እንውረድ። ውኃ ከአየር ይልቅ ወደ 800 እጥፍ የሚጠጋ የታመቀ ነው። ይህም ሁለት ነገር ያመጣል፤ አንደኛ በውስጡ የሚያልፈውን ሁሉ ይይዛል፣ ሁለተኛ ደግሞ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይሸከማል። በአየር የሚንሳፈፈው ወፍ ዋና ጭንቀቱ መውደቅ ነው፤ ዓሣ ግን በሆዱ ውስጥ ባለች የአየር ከረጢት ክብደቱን ከውኃው ጋር ስለሚያስተካክል የመውደቅ ጭንቀት የለበትም። የእርሱ ጭንቀት መያዝ ነው። ስለዚህ መልኩ ከፊት ደልደል፣ ወደ ኋላ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ቆዳውም በልሃጭ የለሰለሰ ሆነ። ብዙ ዓሣ ጅራቱን ጥቂት ጊዜ ይመታና ከዚያ ሰውነቱን አቅንቶ ጸጥ ብሎ ይንሸራተታል፤ ደግሞ ይመታል፣ ደግሞ ይንሸራተታል። ሰውነቱ ቀጥ ሲል ውኃው የሚይዘው እየተወዛወዘ ሳለ ከሚይዘው ያነሰ ነውና፣ እንዲህ በማድረጉ ጉልበቱን ይቆጥባል።

የጫሞ ጌታ ግን ዓሣ አይደለም፤ አዞ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባልደረቦቻችን ጋር በጀልባ ተሳፍረን ሐይቁን ስንሻገር፣ ሙቀቱ ስለ ጠናብን ጫማችንን አውልቀን እግራችንን ከጀልባው ጠርዝ አውርደን ውኃ ውስጥ ነክረን ነበር። ጀልባውን የሚነዱት ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ይህን ባዩ ጊዜ ደነገጡና፣

«አባታችን፣ እግርዎን ያስገቡ» አሉን።

እኛም፣ «ምነው ጋሼ፣ ውኃው እኮ ጸጥ ያለ ነው» ብንላቸው፣

«ስለዚህ ነው የምልዎ። ሲናወጥማ እኛም እናየዋለን» አሉን።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም፤ የአዞን ነገር ሁሉ በአጭር ቃል የያዘ ነውና። አዞ በውኃ ገጽ ላይ ሲሄድ ልክ እንደ ጀልባ ማዕበል ያስነሣል፤ ማዕበል ማስነሣት ደግሞ ጉልበት ይፈጃል፣ ያስታውቃልም። ስለዚህ ወደሚያድነው ሲቀርብ ጥቂት ጠለቅ ይላል። ከውኃው ገጽ በታች በሚገባ ከጠለቀ በኋላ ማዕበል የሚባል ነገር የለም። አራት እግሮቹን ከጎኑ ጋር ያጣብቃል፤ መቅዘፊያው ጅራቱ ብቻ ነው፤ ያም ከጎን ወደ ጎን የሚወዛወዝ፣ ከመላ አካሉ እኩሌታ ያህል የሚሆን ሥጋ ነው። ታዲያ ክንፍ የሌለው፣ እግሩንም የሰበሰበው ይህ ፍጥረት ያለ ንቅናቄ እንዴት ይጠልቃል? እንዴትስ ይነሣል? በ2008 በአውሮፓ አቆጣጠር የአሜሪካን አዞዎች የመረመሩ ሊቃውንት የሚያስደንቅ ነገር አገኙ። አዞ ጉበቱን ወደ ኋላ የሚስቡ ጡንቻዎች አሉት፤ ከጉበቱ ጋር ሳንባው ወደ ጅራቱ በኩል ሲንሸራተት፣ አየሩም አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ራሱ ከብዶ ወደ ታች ያዘነብላል፣ ይጠልቃልም። ጡንቻዎቹን ሲለቅ አየሩ ወደ ፊት ይመለሳል፤ ራሱም ይነሣል። በአንድ ጎን ያሉትን ብቻ ቢስብ ወደ ጎን ይገለበጣል። በጀልባ ውስጥ ጭነትን ከኋላ ወደ ፊት እንደ ማዛወር ያለ ነው፤ ውጫዊ አካሉ አንዳች አይነቃነቅም፤ ውኃውም አይሰማም።

እርሱ ግን ውኃውን ይሰማል። በመንጋጋውና በቅርፊቶቹ ላይ የስፌት ነጥብ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ፤ እነዚህ የውኃን ንቅናቄ የሚያስታውቁት ሕዋሳት ናቸው። በጨለማ ውስጥ ሆኖ፣ ዐይኑ ባያይ እንኳ፣ አንዲት ጀሪካን ወደ ውኃ ስትነከር የምታስነሣው ማዕበል ወሬ ይነግረዋል። ትንፋሹን ይዞ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቆየት ይችላል፤ ዐይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ሁሉ በራሱ አናት ላይ በአንድ መስመር ስለሚገኙ፣ ሲወጣም የሚታየው ሁለት ጉብታ ብቻ ነው። በዓባያ ዳርቻ እምቦጭ በተነጠፈበት ስፍራ ደግሞ ያም አይታይም።

እንግዲህ የሐይቅ ዳር ወላጆች ሆይ፣ የውኃውን ጸጥታ አትመኑት። አዞ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ስፍራ የሚመጣውን ይለያል፤ ስለዚህ ውኃ የሚቀዳበትን ስፍራና ሰዓት መለዋወጥ ይገባል። ልጅን ብቻውን፣ ይልቁንም ሲመሽ፣ ወደ ዳርቻ መላክ አይገባም። ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ጣሳ ያለው ሰው ጉልበቱ ድረስ ገብቶ አያጎነብስም። ዓሣ የሚበለትበትና ውኃ የሚቀዳበት ስፍራ አንድ መሆን የለበትም፤ የደሙ ሽታ ይጠራዋልና። ከሁሉ የሚሻለው በውኃው ውስጥ ጥቅጥቅ አድርጎ እንጨት ተክሎ፣ በእሾህም አጥሮ፣ በአጥሩ ውስጥ መቅዳት ነው። ይህን ሥራ አንድ ሰፈር በአንድ ቀን ደቦ ይጨርሰዋል፤ ለአዝመራ ደቦ የሚወጣ ሕዝብ ለልጆቹ ደቦ መውጣት እንዴት ይከብደዋል?

ስለ ጉማሬ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ እኛም እንሳሳት ነበር። ጉማሬ ዋናተኛ ይመስላል እንጂ አይዋኝም። አካሉ ከውኃ ጥቂት ስለሚከብድ ይሰጥማል፤ ከሐይቁ ወለል ላይ ቆሞ በጣቶቹ ይገፋና ጥቂት ተንሳፎ ደግሞ ይረግጣል። አንድ ሺሕ ኪሎ ግራም የሚያልፈውን ክብደቱን ውኃው ስለሚሸከምለት፣ በዝግታ የሚዘልል ይመስላል። ሌሊት ወጥቶ ሣር ሲግጥ ግን ያ ሁሉ ክብደት ወደ ራሱ ይመለሳል። ቢሆንም ሩጫው የሚናቅ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር ያሉ አጥኚዎች በ2024 እንደ ገለጡት፣ በጣም ሲፈጥን አራቱም እግሮቹ ለቅጽበት ከመሬት ይለቅቃሉ። ማታ መውጫውና መመለሻው የተለመደ መንገድ ነው፤ በእርሱና በውኃው መካከል የሚገኝ ሰው የመሸሻውን በር እንደ ዘጋበት ይቈጠራል።

በምድር ላይ ነገሩ ይጠብቃል። አየር ያነሣል፣ ውኃም ይሸከማል፤ መሬት ግን አንድም አያነሣም፣ ሲያልፉበትም ይይዛል። በትምህርት ቤት ሰበቃ የሚሉት ይኸው መያዝ ነው። የሜዳ አህያ በነጭ ሣር ሜዳ ላይ ሲሮጥ ከመሬቱ ጋር የሚነካካው በአራት ሰኮና ብቻ ነው፤ በእግሩ ውስጥ ያሉት ረጃጅም ጅማቶች ሲረግጥ እንደ ላስቲክ ይለጠጣሉ፣ ሲያነሣም መልሰው ይገፉታል። በደኑ ውስጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚዘልለው ጉሬዛም ነጭ ጸጉሩን እንደ ካባ በትኖ ሲታይ የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ ነገር ግን እርሱ በሚገባ የሚወድቅ ነው እንጂ የሚንሳፈፍ አይደለም።

በልቡ የሚሳበው ግን በመያዙ ላይ ይጠቀማል። የእባብ የሆዱ ቅርፊቶች እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ወደ ኋላ ያዘነበሉ ናቸው፤ ወደ ፊት ሲሄድ ይለሰልሳሉ፣ ወደ ኋላ ሲገፋ ግን መሬቱን ይነክሳሉ። ዘንዶና እፉኝት ሳይጠማዘዙ ቀጥ ብለው የሚሄዱበት አካሄድ ደግሞ እንዲህ ነው፤ የሆዳቸው ቆዳ ከሥጋቸው ጋር ላላ ብሎ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያ ቆዳውን ብቻ ወደ ፊት ይስቡታል፤ ቅርፊቶቹ መሬቱን ሲይዙ የቀረውን አካል በቆዳው ውስጥ ወደ ፊት ያንሸራትቱታል። ይህም በመላው ሆድ ላይ እንደ ማዕበል ስለሚከታተል ለተመልካች ዘንዶው ያለ ምንም ሥራ የሚጎተት ይመስለዋል። እንደ መስተዋት በለሰለሰ ነገር ላይ ቢያኖሩት ግን የሚነክሰው ስለሚያጣ ባለበት ይወራጫል።

ለስላሳ አካሄድ ሁሉ ርካሽ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ደግሞ ወደ ዶርዜ ይውጣና ከዝናብ በኋላ በእንሰት ቅጠል ላይ ቀንድ አውጣን ይመልከት። ቀንድ አውጣ ከሥሩ ልሃጭ እያነጠፈ በራሱ ምንጣፍ ላይ ይሄዳል። ልሃጩ ሳይገፋ ሲቀር እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ሲገፋ እንደ ውኃ ይለቅቃል፤ ወዲያው ደግሞ ይረጋል። ስለዚህ በቆመ ቅጠል ላይ ሳይወድቅ ይወጣል። ምንጣፉን ግን ለቅሞ አይጠቀልለውም፤ ከአካሉ የወጣው ውኃና ምግብ በመንገድ ላይ ይቀራል። ጉዞን በጉልበት ቢመዝኑት፣ ከሚበርሩትም ከሚዋኙትም ከሚሮጡትም ሁሉ የእርሱ ጉዞ እጅግ ውድ ሆኖ ተገኝቷል።

ከሦስቱ ክፍሎች ለአንዱም ሙሉ በሙሉ የማይገዛ አንድ ፍጥረትም አለ። አምባዛ ዓሣ ነው፤ ሆኖም ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ሌላ ሕዋስ ስላለው፣ የነበረበት ኩሬ ሲደርቅበት በሌሊት በእርጥብ ሣር ላይ እየተጠማዘዘና በጎኑ ባሉት ጠንካራ እሾሆች መሬቱን እየወጋ ወደ ሌላ ውኃ ይሻገራል። የኔታ ስለ እርሱ ቢጠየቁ ኖሮ በየትኛው ወገን እንደሚቈጥሩት ብዙ ጊዜ አስበናል።

አሁን ወደ ምንጮቹ እንመለስ፤ የከተማው ሕዝብ የሚጠጣው ከእነርሱ ነውና። ምንጩ ረግቶ በሚቆምበት ኩሬ ላይ ትንኝ የመሰለች፣ እግሮቿ ረጃጅም የሆኑ ፍጥረት ትታያለች። አትበርርም፣ አትዋኝም፤ በውኃው ገጽ ላይ ቆማ ትንሸራተታለች። ውኃ በገጹ ላይ እንደ ተወጠረ ቀጭን ቆዳ ያለ ነገር አለው፤ በእግሮቿ ላይ ያሉትም በሺሕ የሚቈጠሩ ጥቃቅን ጸጉሮች ውኃ ስለማያስገቡ፣ ቆዳው ይጎደጉዳል እንጂ አይበሳም። በመካከለኞቹ እግሮቿ ትቀዝፋለች፣ በኋለኞቹ ትመራለች፣ በፊተኞቹም ትይዛለች። ውኃ ላይ የወደቀ ዝንብ ሲንፈራገጥ የሚያስነሣውን ማዕበል በእግሮቿ አድምጣ ወደ እርሱ ትሮጣለች።

አንድ ጊዜ በበዓል ዋዜማ ዲያቆናቱ ነጠላቸውንና ልብሰ ተክህኖውን ከኩሬው በላይ ባለው ጅረት ያጥቡ ነበር። እኛ ከታች በኩል ተቀምጠን እነዚህን ፍጥረታት ስንመለከት፣ የሳሙናው አረፋ ቀስ እያለ ወረደ። አረፋው በደረሰበት ስፍራ ሁሉ ይንሸራተቱ የነበሩት፣ ከእግራቸው በታች ወለል እንደ ተከፈተባቸው ሰዎች፣ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ገቡ። ሳሙና የውኃውን ቆዳ ያላላዋል፤ ጸጉራቸውንም ያረጥበዋል። ዲያቆናቱን ጠርተን አሳየናቸው፤ ከመካከላቸው ትንሹ፣ «የኔታ፣ እኛም እኮ የምንጠጣው ከዚሁ ነው» አለን። ልብሱን ተሸክመው ከውኃው ራቅ ወዳለ ሜዳ ሄዱ፤ በባልዲ እየቀዱም እዚያው አጥበው ጨረሱት። እኛ ወደ ላይኛው ምንጭ ስንወጣ፣ አረፋው ባልደረሰበት ጥርት ባለው ገጽ ላይ ሌሎቹ ገና ወዲያና ወዲህ ይንሸራተቱ ነበር።